ደም አለ ወይ?

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት ዶክተር ለተመድህን
መቐለ

ጤና ይስጥልኝ። የላኩልኝ ደብዳቤ በልጄ ባል በኤርሚያስ በኩል ደርሶኛል። እሱ እዚያ አውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ክፍል ስለሚሠራ አዲስ አበባ ድረስ በሰው እጅ ይልከዋል፤ ከዚያ በሚኒባስ ይመጣል። መልሴም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ደውለው ስልክ እንዳላነሣሁ ጽፈዋል። ስልኩስ አለ፤ የሚሰማ ጆሮ ነው የሌለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ አስተምሬ ጆሮዬን ተማሪዎች ጨረሱት። ስለዚህ ይጻፉልኝ። ግን አስበው ይጻፉ።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። «አደይ ዓለምእሸት፣ በቤተሰባችሁ ደም አለ ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። አደይ አበባ በመስከረም ይፈነዳል፤ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ይህን እንደ ቀልድ ወስጄ አልፌዋለሁ።

ደሙን ግን አላልፈውም። በእኛ ቤት ደም የለም። አባቴም ባሌም ወንድሞቼም ሰው አልገደሉም፤ ከእኛም የተገደለ የለም። ከማንም ጋር አንፈላለግም። ከመቐለ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጣ ደብዳቤ፣ ያውም በዚህ ዘመን፣ ስለ ደም ሲጠይቅ ሰው ምን እንዲያስብ ነው? አንብቤ ስጨርስ ጎረቤት እንዳያየው ትራሴ ሥር ከተትኩት።

ሌላው ስለ ልጄ ነው። ከሴት ልጄ ከአያልነሽ በፊት የወለድኩት ወንድ ልጅ በምች ሞተ። አያልነሽ የነገረችዎ ልክ ነው፤ የሚጨመርበት የለም። አያልነሽ ነፍሰ ጡር ናት፣ የመጀመሪያዋ ነው። እርስዎ ሐኪሟ ነዎት። በሆዷ ስላለው ይንገሩኝ እንጂ ስለሞተው አይጠይቁኝ።

ደብዳቤዎን አርሜ አብሬ መልሼዋለሁ። ልማድ ነው፣ አይቀየሙ። ስለ ደም በጠየቁበት ዓረፍተ ነገር ላይ ቀይ መስመር ያገኛሉ።

ከአክብሮት ጋር
ዓለምእሸት


መቐለ፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይከበሩ አደይ ዓለምእሸት፣

እንደምን አሉ? ብርዱ እንዴት ይዞዎታል?

ይቅርታ እጠይቃለሁ። አደይ በእኛ «እናቴ» ማለት ነው፤ በዕድሜ ለምትበልጠን ሴት ሁሉ እንላለን። ደሙን ግን በትግርኛ ላመካኝ አልችልም። በእኛም ሀገር «ደም አለ» ሲባል የሚታሰበው እርስዎ ያሰቡት ነው። ጥፋቱ የሥራ ልማድ ነው። ካርድ ላይ የምጽፈውን ቃል እንዳለ ደብዳቤ ላይ ጻፍኩት። ለማለት የፈለግሁት፣ ሰው ሲቆስል ወይም ሲቆረጥ ቶሎ የማይቆም፣ የማይረጋ ደም በቤተሰቡ ታይቷል ወይ ነው።

ሥራዬ ሕፃናት ከመወለዳቸው በፊትም ከተወለዱም በኋላ ከቤተሰብ የሚወርሱትን በሽታ መፈለግ ነው። ዋናው መሣሪያዬ እርሳስ ነው። እናትየዋን አስቀምጬ ዘመዶቿን እስላለሁ። ለሴት ክብ፣ ለወንድ አራት ማዕዘን፣ በሞተው ላይ ጭረት። መጀመሪያ ሁሉም «በሽተኛ የለንም» ይላል። አብራኝ የምትሠራው ነርስ ነዒማ «ዶክተር፣ በዚህ ከተማ የሚታመም ሰው የለም፤ ሁሉም በሰው ዓይን ነው የሚሞተው» ትለኛለች።

አያልነሽ የመጣችው ለተራ ክትትል ነበር። በጨዋታ መሀል፣ ጥርሷን ተነቅላ ደሙ ለቀናት አልቆም ብሏት እንደነበር ነገረችኝ። ወር አበባዋም ሁልጊዜ ከባድ ነው። ሴቶች ራሳቸው ብዙም ሳይታመሙበት ለወንድ ልጆቻቸው የሚያስተላልፉት የደም አለመርጋት በሽታ አለ። አልትራሳውንዱ ሽሉ ወንድ ነው ይላል። አሁን የእሷን ደም ብንመረምር እርግዝናው ጉድለቱን ይሸፍንብናል። የሽሉን ለመመርመር ደግሞ እዚህ አቅም የለንም።

ስለዚህ በእጄ የቀረው የወንድሟ አራት ማዕዘን ነው። ልጁ በምች የሞተው በወሩ ከሆነ አንድ ነገር ነው። በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ቀኑ ከሆነ ሌላ ነው። ወንድ ልጅ በስምንተኛ ቀኑ ምን እንደሚደረግ እርስዎም እኔም እናውቃለን።

የምጠይቅዎ በአያልነሽ ፈቃድ ነው። በስንተኛው ቀን ሞተ?

አክባሪዎ
ለተመድህን


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር ለተመድህን

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ብርዱ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ እኛ ለምደነዋል፣ እሱ ነው እኛን ያልለመደን።

ይቅርታዎን ተቀብያለሁ። ሁለተኛው ደብዳቤዎ ከመጀመሪያው በአማርኛ ይሻላል፤ የሰጠሁዎትን እርማት ተከትለዋል። «እናቴ» ካሉኝ «ልጄ» ልበልዎት ወይ ብዬ አሰብኩ። ለጊዜው ዶክተር ይሁን።

ቀኑን አላስታውስም። ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ይልቅ አንድ ነገር ልንገርዎ። ልጁ ሲወለድ እትብቱን የቆረጠችው የገዛ እናቴ ናት። ጠብታ ደም አልታየም። በሽታው ቢኖርበት ያኔ አይታይም ነበር? ደግሞ ሁለት ወንድሞች አሉኝ። ሁለቱም በስምንተኛ ቀናቸው ተገርዘው፣ ሁለቱም ሸምግለው ዛሬ ሲነዘንዙኝ ይውላሉ። በሽታው በቤታችን ካለ እነሱን ለምን ዘለላቸው? ሰፈሩ እንደሆነ ያኔም የፈለገውን አወራ። አቶ ታመነም ከዚያ ወዲህ ምላጭ ሳይዝ ቀረ፤ ኋላም ቤቱን ሽጦ ሸዋ ሮቢት ወረደ። ሰው ወሬ ይወዳል።

አያልነሽ ለመውለድ ወደ እኔ ትመጣለች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። የኤርሚያስ አባት መሪጌታ ገብረመስቀልም የሚኖሩት እዚሁ ነው። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ስለሆነ ለስምንተኛው ቀን ከአሁኑ ሰው እየጠሩ ነው። አይከለከሉም፤ የአያት ደስታ ነው።

በሁለተኛው ገጽ ኅዳግ ላይ በቀይ የጻፍኩት ጥያቄ አለ። ካልፈለጉ አይመልሱት።

ዓለምእሸት


መቐለ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አደይ ዓለምእሸት፣

በኅዳጉ ላይ ለጠየቁኝ፦ አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

ክርክርዎ ጥሩ ነው። ተማሪዎቼ እንዲህ ቢሞግቱኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እትብት በዚህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ አይደማም። ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። የወንድሞችዎ ደህና መሆንም አይበቃም። በሽታው ያለባት እናት ወንድ በወለደች ቁጥር ዕድሉ እኩል በእኩል ነው፤ አንዱ ይወስዳል፣ ሌላው ያመልጣል። ከእናት ወደ ልጅ የሚመጣ ቢሆንም አንዳንዴ በአንዲት ሴት ላይ አዲስ ሊጀምርም ይችላል።

አቶ ታመነ ማን ናቸው? ምላጭ የሚይዙትስ ለምን ነበር?

በቀደም አንዲት እናት ጉልበቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ያበጠ ልጅ አዝላ መጣች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከፈረቃ አምልጣ ነው። ልጁን ወጌሻ አሽቶት ብሶበታል። «ሲገረዝ ደምቶ ነበር?» አልኳት። «ገራዡ እጁ ከባድ ነው» አለችኝ። «ታላቅ ወንድሙስ?» አልኳት። «እሱም ደምቶ ነበር፤ ያኔ ግን ሌላ ገራዥ ነው» አለች። አደይ፣ እጀ ከባድ ገራዥ ሁሉ አንድ ቤት ላይ አይሰለፍም።

አያልነሽ ትናንት ሳትነግረኝ በአውሮፕላን ሄዳለች። የነገረኝ ኤርሚያስ ነው። የምለውን ሁሉ ለእሷ ቀደም ብዬ ነግሬያታለሁ፤ ሆስፒታል እንድትወልድ፣ ከእትብቱ ደም እንዲወሰድ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ልጁን ምላጭ እንዳይነካው። ስደውልላት «እማዬ ምንም የለም ብላኛለች» አለችኝ። አሁን የያዘችው የእርስዎን ቃል ነው።

ለተመድህን


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዶክተር፣

አያልነሽ በደህና ገብታለች። እግሯ ትንሽ አብጧል። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

«ከእናት ወደ ልጅ የሚመጣ» ብለው ጽፈዋል። ወረቀት ላይ መጻፉ ቀላል ነው። መሪጌታ ይህን ቢሰሙ «የታመመ ዘር ሰጡን» ነው የሚሉት። የልጄ ትዳር ገና አልጸናም። እርስዎ ይህን ጽፈው ወደ ሌላ በሽተኛ ይሄዳሉ፤ እኛ ግን ከዚህ ሰፈር የትም አንሄድም።

ስለ አቶ ታመነ አይጠይቁኝ።

ከፊርማዎ ሥር ጨምረው ስለ ልጁ መጠቅለያ ጨርቅ ለጠየቁኝ፦ ጨርቁን አላየሁም። አራስ ነበርኩ። ያጠበችው እናቴ ናት፤ እሷም በሕይወት የለችም።

ከእንግዲህ አይጻፉልኝ።

ዓለምእሸት


መቐለ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አደይ ዓለምእሸት፣

አይጻፉልኝ ብለዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እጽፋለሁ።

ልጁ ከታሰበበት ጊዜ ቀድሞ ቅዳሜ መወለዱን ሰማሁ። ወንድ ነው። እንኳን ማርያም ማረችልዎት። አያልነሽ በወለደችበት ሆስፒታል ተረኛ የነበረችው ሐኪም እሷ የያዘችውን ወረቀቴን አንብባ ከእትብቱ ደም ወስዳለች፤ አዲስ አበባ ተልኳል። ውጤቱ ግን ከስምንተኛው ቀን በፊት አይደርስም። ጠይቄአለሁ፣ ለምኛለሁ፣ አይደርስም።

ከአያልነሽ ጋር በስልክ ተነጋግረናል። ስታለቅስ ነበር። «መሪጌታን እምቢ የምልበት ምክንያት ስጪኝ» አለችኝ። ኤርሚያስም አባቱን በስልክ ሊያሳምን ሞክሯል። «ሐኪሟ ጥርጣሬ አላት፤ እኔ ደግሞ ሕግ አለኝ» ብለውታል። ልክ ናቸው። እኔ ያለኝ ጥርጣሬ ብቻ ነው። እውነቱ ያለው እርስዎ ጋ ነው።

ጨርቁን አላየሁም አሉኝ። በምች ለሞተ ሕፃን የሚታጠብ ጨርቅ የለም፣ አደይ።

አቶ ታመነ አላጠፉም። እርስዎም አላጠፉም። ያኔ ማንም አያውቅም ነበር። አሁን ግን እናውቃለን።

ልጁ ከተቆረጠ ደሙን የሚያቆምለት መድኃኒት በአቅራቢያችሁ አለ ወይ ብዬ የማውቀውን ሰው ሁሉ ጠይቄአለሁ። አላገኘሁም። እኔ ከዚህ ሆኜ ወረቀት መጻፍ እችላለሁ፤ ቅዳሜ እዚያ ቤት ውስጥ የሚገኙት ግን እርስዎ ነዎት።

ይህን ኤርሚያስ ራሱ ይዞት ይመጣል። ለነገ ቦታ አላገኘም። ለሐሙስ ተመዝግቧል። አውሮፕላኑ ከበረረ ይደርስልዎታል።

ለተመድህን


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ለተመድህን፣

እንዴት ነሽ? ኤርሚያስ ሐሙስ ማታ ደረሰ። ደብዳቤሽን ሰጥቶኝ ሳነብ ፊቴን ያይ ነበር፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩበት።

ትናንት ስምንተኛው ቀን ነበር። ጾም ስለገባ ድግሱ ሽሮና አዝሙድ የበዛበት ምስር ነው። ገራዡ ስምዖን የሚባል ጤና ረዳት ነው፤ ጓንቱንም ምላጩንም በፕላስቲክ እንደታሸገ ይዞ መጣ። ንጹሕ ልጅ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። መሪጌታ ጸሎት አደረሱ። አያልነሽ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ታየኛለች። ኤርሚያስ አባቱ አጠገብ ቆሞ ጫማውን ያያል።

የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። አንቺ እንደጻፍሽው አድርጌ፣ «የማይረጋ ደም» ብዬ፣ በሥርዓቱ ላስረዳ። ስምዖን ፕላስቲኩን ሲቀድ ሁሉም ጠፋኝ። አፌ ላይ የመጣው ያንቺ ዓረፍተ ነገር ነው።

«ቁም!» አልኩት። «በቤታችን ደም አለ።»

 የሁሉም አፍ እንደተከፈተ ቆመ። ስምዖን ምላጩን አስቀመጠ፤ ደም አለብን በሚል ቤት ልጅ ላይ ምላጭ የሚያነሣ ማን አለ? አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አንሥተው ወደ በሩ ተጠጉ። ደመኛው በየትኛው በኩል እንደሚገባ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። መሪጌታ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው ጮኹ።

«ከማን ጋር ነው ደማችሁ?»

«ከእኔ ጋር» አልኳቸው።

ከዚያ ነገርኳቸው። ለእነሱ የነገርኩትን ለአንቺም ልጻፈው። ልጄ በስምንተኛው ቀኑ ተገረዘ፤ በማግስቱ ሞተ። ጨርቁን ያጠበችው እናቴ ናት፤ ከሥሩ እያነሣሁ ያቀበልኳት ግን እኔ ነኝ። ባለቤቴ ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርዶ ወደ አቶ ታመነ ቤት ሊሄድ ተነሣ። በሩ ላይ ያዝኩት። «ገራዡ አይደለም፣ ምች ነው። ሲያተኩሰው ያደረው እኔ እቅፍ ነው» ብዬ በማርያም ማልኩለት። ጠመንጃውን መለሰ። ከዚያ በኋላ ምች ማለቴን መተው አልቻልኩም። ባሌ እስኪሞት ምች ነው፤ ከሞተም በኋላ ምች ነው። አንቺ በመጀመሪያው ደብዳቤሽ «ደም አለ ወይ» ስትዪኝ ያን ቀን በሩ ላይ የነበርኩ ነው የመሰለኝ።

መሪጌታ ሳይመርቁ ወጡ። እንግዶቹም ሳህናቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ልጁ አልተነካም፤ አሁን እናቱ ጡት ላይ ተኝቷል። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ። የሚያወሩት ስለ አያልነሽ ዘር እንደሆነ ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም።

ውጤቱ «ልጁ ነፃ ነው» የሚል ከሆነ በገዛ ልጄ ትዳር ላይ እሳት ለኮስኩ ማለት ነው። ይህን አውቄ ነው ያደረግሁት። አሁን ግን መጠበቁ ከበደኝ። እንደደረሰሽ ጻፊልኝ። ቃል አታሳምሪ።

ዓለምእሸት


መቐለ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አደይ፣

ለአያልነሽ በስልክ ነግሬያታለሁ። ለእርስዎ በጽሑፍ እንዲደርስዎ የፈለገች እሷ ናት።

ልጁ በሽታው አለበት። ከባዱ ዓይነት ነው። ደምን ከሚያረጋው ነገር በደሙ ውስጥ የተገኘው ከምንም አይቆጠርም። ቅዳሜ ቢቆረጥ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ለእርስዎ አልነግርዎትም።

አይድንም፤ ግን ይኖራል። መርፌ ሲወጋ፣ ጥርሱ ሲነቀል፣ መዳህ ጀምሮ ጉልበቱ ሲያብጥ ምን እንደሚደረግ ለአያልነሽና ለኤርሚያስ አስተምራቸዋለሁ። መድኃኒቱን ማግኘት ትልቅ ትግል ይሆናል፤ ከአሁኑ ጀምሬዋለሁ። አራስነቷን ጨርሳ ስትመለስ እዚህ ነኝ። ልብስ ሰፊዋ እናትም ልታገኛትና ያሳለፈችውን ልትነግራት ፈቅዳለች።

ለምን እንዳላገባሁ ጠይቀውኝ ነበር። የሰው ቤተሰብ ስስል ብዙ ዓመቴ ነው። የራሴን ስዬ አላውቅም። እኛ ቤትም በሰው ዓይን ሞተ የተባለ ወንድም ነበረኝ።

በአያልነሽ ወንድም አራት ማዕዘን ላይ አሁንም «ምች» እንደተባለ ነው። ምን ልጻፍበት?

ለተመድህን


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ለተመድህን፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አንብቤ ለኤርሚያስ ሰጠሁት፤ እሱም ለአባቱ ወሰደው።

መሪጌታ ትናንት መጡ። ልጁን አላቀፉትም፤ የሚሰበር መስሏቸው ፈሩት። በሩ ላይ ቆመው አይተውት አይተውት፣ «ሕጉ ይቆየዋል» ብለው ጆሮዬ ላይ ጮኹ። ሊሄዱ ሲሉ አያልነሽን ስሟን ጠርተው ሰላም አሏት። ስለ ዘር የተናገሩት ነገር የለም፤ አልተናገሩም ማለት ግን አላሰቡም ማለት አይደለም። እናያለን።

አቶ ታመነ ሸዋ ሮቢት በሕይወት አለ አሉኝ። ዓይኑ ስለደከመ ደብዳቤ አይሆነውም። ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ።

በአራት ማዕዘኑ ላይ «ምች» የሚለውን አጥፊና «በስምንተኛው ቀኑ ተገረዘ፣ በዘጠነኛው ሞተ» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ ሌላ ወረቀት አንሺና የራስሽን ቤት ሳዪ። እናትሽ ካሉ ቀኑን ጠይቂያቸው። መጀመሪያ ይቆጡሻል። ደግመሽ ጠይቂ።

አርሜ የመለስኩልሽን የመጀመሪያውን ደብዳቤም አውጪው። ቀይ መስመር ያሰመርኩበትን ዓረፍተ ነገር ታገኚዋለሽ። መስመሩን ሰርዢው። ዓረፍተ ነገሩ ስህተት የለበትም።

አደይሽ
ዓለምእሸት